ጉልበትን የሚያበረታው መቀመጥ ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው



ከበርጩማ ሲነሡ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው «ወይ ጉልበቴ!» የሚሉ እናት የሌሉበት ቤት ጥቂት ነው። ይህን የሚሰሙ ልጆችና ጎረቤቶች የሚሰጡት መልስም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እባክዎ ይቀመጡ፣ ይረፉ፤ እኛ እንሠራዋለን» ይላሉ። ቃሉ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ የገበያው ዘንቢል ከእናት እጅ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ጀበናው፤ ከዚያም የእድሩና የለቅሶው ጉዞ ይቀራል። ደረጃ ሲወጡ ብቻ ያማቸው የነበሩ ሴት ከጊዜ በኋላ ከወንበር ለመነሣት ደጋፊ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ በዛሬው አምዳችን የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ምን እንደ ሆነ፣ ዕረፍት ብቻውን ለምን እንደማይበጅና እናቶችም ሆኑ ሠራተኞች ያለ ልዩ መሣሪያ በቤታቸው ሊሠሩት የሚችሉት የአካል እንቅስቃሴ የትኛው እንደ ሆነ እናቀርባለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ሕመም በሕዝቡ ዘንድ ቁርጥማት እየተባለ ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች ጋር ይደባለቃል። የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ሲሆን፣ የአጥንቶቹ ጫፎች ለስላሳና ጠንካራ በሆነ ልም አጥንት ተሸፍነዋል። ይህ ልም አጥንት ሲሳሳና ሲሻክር፣ በዙሪያው ያለው አጥንትና ሽፋን ሲቆጣ፣ ጡንቻዎቹም ሲዳከሙ ሕመም፣ መገተርና ዕብጠት ይከተላሉ። ጠዋት ሲነሡ ጉልበቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ይገተርና ሲንቀሳቀሱበት ይፍታታል። ሲታጠፍም አንዳንድ ጊዜ ይንቋቋል።

ይህ ችግር የሚያጋጥመው አንድን አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረባቸው። ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቃው ጉልበት ሲሆን፣ 365 ሚሊዮን ያህሉ ሰዎች የታመሙት በዚሁ በኩል ነው። ከጠቅላላው ሕሙማን ከ100 ውስጥ 60 ያህሉ ሴቶች ናቸው። የዕድሜ መግፋት፣ የሰውነት ክብደት መጨመር፣ ቀደም ሲል ጉልበት ላይ የደረሰ ጉዳት፣ ተደጋጋሚ ቁጢጥ ማለትና ከባድ ሸክም ሕመሙን ከሚያመጡት ወይም ከሚያባብሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ብዙ ሰዎች «የጉልበቴ ዘይት አልቋል፤ ከእንግዲህ ብንቀሳቀስበት ይባስ ያልቃል» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጉልበት እንደ መኪና ሞተር በተሠራበት መጠን የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን ሕይወት ያለው የአካል ክፍል ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው ጉልበቱ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ስለሆነም የማይንቀሳቀስ ጉልበት ምግቡ የተቀነሰበት ጉልበት ነው ማለት ይቻላል።

የዕረፍት ጉዳቱ

በቋንቋችን ጉልበት ማለት እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበት ማለት ደግሞ ኀይል ነው። በዚህ ሕመም ረገድ ሁለቱ ትርጉሞች አይነጣጠሉም። ሰው ሲራመድ በያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት 2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ይህን ጫና ከመገጣጠሚያው ጋር የሚካፈለው ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ነው። ጉልበት ሲያም ሰው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፤ መንቀሳቀስ ሲቀንስ ይህ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙም ይጨምራል። እንግዲህ በፍቅር የተባለው «ይቀመጡ» የሚለው ምክር ዞሮ ዞሮ ሕመሙን የሚመግብ ይሆናል።

ይህም በሙከራ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነና የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን 439 ሰዎች ለ18 ወራት ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን በእግር እንዲሄድ፣ ሁለተኛው ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጤና ትምህርት ብቻ እንዲያገኝ ተደረገ። የተንቀሳቀሱት ሁለቱ ቡድኖች ትምህርት ብቻ ካገኘው ይልቅ ሕመማቸው ቀነሰ፤ የዕለት ሥራቸውንም በተሻለ ሁኔታ ለማከናወን ቻሉ። በራጅ ሲታይም የተንቀሳቀሱት ሰዎች ጉልበት ካልተንቀሳቀሱት የባሰ ሆኖ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ይህንኑ ስለ ደገፉ፣ ዛሬ ለዚህ ሕመም በቅድሚያ የሚታዘዘው የአካል እንቅስቃሴ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። እንቅስቃሴ የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ አያበቅልም፤ ሕመሙንም በአንድ ሳምንት አያጠፋም። ለውጡ ቀስ እያለ ከ6 እስከ 8 ባሉት ሳምንታት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ ሲያቋርጡት ደግሞ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚሰጠው ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ ከወንበር ያለ ደጋፊ መነሣትን፣ ታክሲ ላይ መውጣትን፣ ለቅሶ ደርሶ መመለስን ያህል ነው።

ከመጀመር በፊት

እንቅስቃሴ ከመጀመር አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። ጉልበቱ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢያተኩስ፤ ትኩሳት ቢኖር፤ ከውድቀት በኋላ እግርን መርገጥ ቢያቅት፤ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋም ቢል፤ ባት በአንድ ወገን አብጦ ቢያም ሳይዘገዩ መታየት ይገባል። ጠዋት ጠዋት መገተሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይና ሌሎች መገጣጠሚያዎችም የሚያብጡ ከሆነ ሕመሙ ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ወይም ትንሽ ሲሄዱ ደረታቸውን የሚያስጨንቃቸው ሰዎችም በቅድሚያ ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። በትላልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል ስላለ፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ አሠራሩን ማየት ጠቃሚ ነው።

የሕመም መለኪያ

«ሲያመኝ ላቁም ወይስ ልቀጥል?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስቸግራል። መለኪያው እንዲህ ነው። ምንም አለማመምን 0፣ ሊታገሡት የማይቻል ሕመምን 10 ብላችሁ ገምቱ። በምትሠሩበት ጊዜ ሕመሙ ከ5 ካልበለጠ፣ በማግስቱም ወደ ነበረበት ከተመለሰ አልተጎዳችሁም። ከ5 ከበለጠ ወይም በማግስቱ ጉልበቱ ይበልጥ ካመመና ካበጠ አበዛችሁት ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ እንጂ ጨርሶ አትተዉት።

የቤት ውስጥ እንቅስቃሴዎች

የሚያስፈልጉት ነገሮች የማይነቃነቅ ወንበር፣ አንድ ፎጣና አንድ ግድግዳ ብቻ ናቸው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። ነጠላ ጫማ አውልቃችሁ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። በምትሠሩበት ጊዜ ትንፋሻችሁን አታምቁ። አንደኛው ጉልበት ብቻ የሚያም ቢሆንም ሁለቱንም እግሮች አሠሩ።

1ኛ፤ ጭን ማጥበቅ። አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉ። ፎጣውን በጉልበታችሁ ወደ ታች እየተጫናችሁ የጭናችሁን ጡንቻ አጥብቁ፤ እስከ 5 ቁጠሩና ልቀቁ። 10 ጊዜ ደጋግሙ። ይህ ሕመሙ በጠናበት ቀን እንኳ ሊሠራ የሚችል ነው።

2ኛ፤ ተረከዝ መጎተት። በጀርባችሁ ተንጋለሉ። የአንድ እግራችሁን ተረከዝ በፍራሹ ላይ እያንሸራተታችሁ ጉልበታችሁ እስከሚችለው ድረስ ወደ መቀመጫችሁ ሳቡ፤ መልሳችሁም ቀስ ብላችሁ ዘርጉ። 10 ጊዜ ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ ብትሠሩት የተገተረው ጉልበት ይፍታታል።

3ኛ፤ ተቀምጦ እግር መዘርጋት። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አንድ እግራችሁን ቀጥ እስኪል ድረስ አንሡ፤ እስከ 5 ቁጠሩና ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 10 ጊዜ ሥሩ። ሲቀላችሁ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ወይም ጨው በጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ እሰሩ።

4ኛ፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚው ይህ ነው። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ከፍታችሁ ወደ ፊት ዘንበል በሉና ተነሡ። ስትቀመጡ ዱብ አትበሉ፤ እስከ 3 እየቆጠራችሁ ዝቅ በሉ። መጀመሪያ ላይ በእጃችሁ ጠረጴዛ መደገፍ ወይም ትራስ ጨምሮ ወንበሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከ5 ጀምራችሁ እስከ 10 አድርሱት።

5ኛ፤ እግርን ወደ ጎን ማንሣት። ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ። ወገባችሁን ሳታጣምሙ አንድ እግራችሁን ወደ ጎን አንሥታችሁ እስከ 3 ቁጠሩና መልሱ። በያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። የዳሌ ጡንቻ ሲጠነክር በእርምጃ ጊዜ ጉልበት አይንገዳገድም።

6ኛ፤ በእግር ጣት መቆም። ያንኑ ጠረጴዛ ይዛችሁ ሁለቱንም ተረከዞቻችሁን ከፍ አድርጉና ቀስ ብላችሁ መልሱ። 10 ጊዜ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በየዕለቱ መሥራት ይቻላል። ሌሎቹን አራቱን ግን በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እያለፋችሁ ሥሯቸው፤ ጡንቻ የሚጠነክረው በመካከሉ ባለው የዕረፍት ቀን ነውና። ከ2 ሳምንት በኋላ 10ሩን ሁለት ዙር፣ ቆይቶም ሦስት ዙር አድርጉት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሠርቶ ለሳምንት ከመተኛት ጥቂት ጀምሮ በየጊዜው መጨመር ይሻላል።

ከዚህ በተጨማሪ በደልዳላ መንገድ ላይ በእግር መሄድ ተገቢ ነው። 10 ደቂቃ ከከበዳችሁ በ5 ጀምሩ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመራችሁ 30 ደቂቃ እስክትደርሱ ቀጥሉ።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

«እኔ ከማለዳ ጀምሮ እግሬ ላይ ነኝ፤ ይህ አይበቃኝም ወይ?» የሚሉ እናቶችና በፋብሪካ፣ በሱቅ ወይም በወጥ ቤት ቆመው የሚውሉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ መቆም ያደክማል እንጂ የጭንን ጡንቻ አያጠነክርም። ጡንቻ የሚጠነክረው በሙሉ እየተዘረጋና እየተኮማተረ፣ ቀስ በቀስም እየከበደው ሲሠራ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ስድስቱም በአንድ ላይ ከ20 ደቂቃ አይበልጡም፤ ከፋፍሎ መሥራትም ይቻላል። ቡናው እስኪፈላ 5ኛውንና 6ኛውን፣ ማታ ዜና ስትሰሙ 3ኛውን፣ ቢሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ 4ኛውን ልትሠሩ ትችላላችሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት እርምጃ ቢራመዱ ጉልበታቸው አይገተርም።

የቤቱን ሥራ ለጉልበት ማመቻቸት

እንቅስቃሴ ይጠቅማል ሲባል ጉልበትን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ይገባል ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መሥራት የታመመውን ጉልበት ይጎዳል። ስለዚህ ምጣዱ በመቆሚያ ወይም በጠረጴዛ ላይ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢሆን፣ ለቡና ማፍያም ከዝቅተኛው በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ ቢዘጋጅ ብዙ ሥቃይ ይቀንሳል። 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን በአንድ ጊዜ ከመሸከም ውኃውን በሁለት ከፍሎ ማመላለስ ይሻላል። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤት ላላቸው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ማስመታት ወይም መካከሉ የተቀደደ ወንበር ማሠራት ከባድ ወጪ አይደለም። በጸሎት ጊዜ መስገድና መንበርከክ የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ወንበር መጠቀማቸው የሚያሳፍር አይደለም።

ደረጃ ስትወጡ ደኅነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የሚያመው እግር ይቅደም። ከዘራ የምትይዙ ከሆነ የሚያመው ጉልበት ካለበት ወገን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ያዙት። ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማ ጉልበት ላይ ጫና ስለሚጨምር ዝቅ ባለና ምቹ በሆነ ጫማ ይተካ።

ክብደትም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች 1 ኪሎ ሲቀንሱ በያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታቸው ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል። በ1,000 እርምጃ ሲታሰብ 4,000 ኪሎ ይሆናል። ለዚህም ውድ ምግብ አያስፈልግም፤ በሻይና በቡና ላይ የሚጨመረውን ስኳር፣ በወጥ ላይ የሚፈስሰውን ዘይት መቀነስ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ማብዛት መነሻ ይሆናል።

ስለ መድኃኒት ጥቂት ማስጠንቀቂያ

የሕመም ማስታገሻ በልክ ሲወሰድ፣ በተለይም እንቅስቃሴውን ለመጀመር የሚያስችል ሲሆን ጥቅም አለው። ነገር ግን ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ጉልበት ላይ የሚቀባው ዳይክሎፌናክ ከሚዋጠው ያነሰ ጉዳት ስላለው ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ መጠየቅ ጥሩ ነው። «ወዲያው የሚያሽር መርፌ» እየተባለ የሚወጋው አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስለሚሆን፣ ቢደጋገም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትንም ያሳሳል። የምትወጉት መድኃኒት ስሙ ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ክንዳችሁን አትስጡ።

ለቤተሰብ

ይህን አምድ የምታነብቡ ልጆችና ባሎችም ድርሻ አላችሁ። እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ «ጉልበቴን» ሲሉ ከባዱን ጀሪካን ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ጀበናውን ተዉላቸው፤ በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱበትን ምክንያት ሁሉ አትውሰዱባቸው። «እማዬ፣ ተቀመጪ» ከማለት «እማዬ፣ ነይ እስከ አደባባዩ አብረን ደርሰን እንመለስ» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል። ምጣዱን ከፍ አድርጎ የሚያቆም፣ የመጸዳጃ ቤቱን መያዣ የሚመታ እጅም ከእናንተ ይጠበቃል።

በመጨረሻም ለውጡን ራሳችሁ የምትለኩበት ቀላል ዘዴ እነሆ። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝላችሁና በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሥታችሁ እንደምትቀመጡ ቁጠሩ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጻፉት። ከወር በኋላ፣ ከሁለት ወር በኋላም እንደገና ቁጠሩ። ዛሬ 6 የነበረው 8፣ ከዚያም 10 ሲሆን ታያላችሁ። ያ ቁጥር የጭናችሁ ጡንቻ ሸክሙን መካፈል መጀመሩን የሚመሰክር ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉ፤ በ5ቱ ጀምሩ።